«ና» እና «አትምጣ»

የፈረንሳይኛ መምህራችን ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፉና «በሉ ወደ አሉታ ለውጡት» አሉን። ቃሉ «ቪያን» ነው፤ «ና» ማለት። ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ነ ቪያን ፓ!» ብሎ መለሰ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ግሡን በ«ነ» እና በ«ፓ» መሐል ማስገባት ብቻ። እኔ ግን ዝም አልኩ። መምህሩም «አንተ የቆቦው፣ ተኝተሃል እንዴ?» አሉኝና ክፍሉ ሳቀ። አልተኛሁም ነበር። ያን ዕለት ያልመለስኩትን ዛሬ እዚህች ገጽ ላይ ልመልስ።

መቼም ፈረንሳይኛ ያልወሰደ ጓደኛ አይጠፋምና ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የፈረንሳይኛ ትእዛዝ አንቀጽ ሦስት መደብ ብቻ ነው ያለው፤ «አንተ» ወይም «አንቺ»፣ «እኛ»፣ «እናንተ»። አሠራሩ የአሁኑን ጊዜ ግሥ ወስዶ ባለቤቱን መጣል ነው። «ቱ ፊኒ» ማለት «ትጨርሳለህ» ነው፤ «ቱ» ሲጣል «ፊኒ!» ይሆናል፤ «ጨርስ!» እንደ ማለት። «ፊኒሶን!» «እንጨርስ!» ነው፤ «ፊኒሴ!» ደግሞ «ጨርሱ!»። «ፓርሌ»ን (መናገርን) የመሰሉ የመጀመሪያው ምድብ ግሦች በነጠላው ትእዛዝ ላይ መጨረሻቸው የነበረችውን ኤስ ይጥላሉ። ለጆሮ ምንም ለውጥ የለውም፤ የፈተና ወረቀት ላይ ግን ማርክ ያስቀንሳል። «ሂድ» የሚለው «ቫ!» እንዲሁ ኤሱን ይጥላል፤ ነገር ግን «ኢ» የምትባለው ቃል ስትከተለው ሁለት አናባቢ እንዳይጋጭ ኤስ ከስደት ተመልሳ «ቫዚ!» ይባላል።

ደንቡን የጣሱ አራት ግሦች አሉ፤ መሆን፣ የኔ ማለት፣ ማወቅና መፈለግ። የ«መሆን» ትእዛዝ «ሷ፣ ሷዮን፣ ሷዬ» ነው፤ የ«ማወቅ» «ሳሽ፣ ሳሾን፣ ሳሼ»። እነዚህ መልካቸውን የሚዋሱት እኛ ዘንድ አንቀጽ ከምንለው ወገን ነው። «ቨዬ» የሚለው የ«መፈለግ» ትእዛዝ ደግሞ ትእዛዝነቱ ቀርቶ «እባክዎ» ሆኗል። ይህን ስሰማ የኛን ቋንቋ አስታወሰኝ። እኛስ ለሽማግሌ መች «ግባ» እንላለን? «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ነው የምንለው። ይህም ትእዛዝ ሳይሆን ዘንድ አንቀጽ ነው። ፈረንሳዩም አበሻውም ማዘዝ ሲያፍር የሚሸሸው ወደ አንድ ጓዳ ነው ማለት ነው።

ፈረንሳይኛ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባም «ላ ጋር» (ጣቢያው) የሚለውን ቃል ይዞ መጣና ሕዝቡ «ለገሃር» ብሎ አስቀረው። ቆቦ ግን ባቡር አላየችም። እኔ የትእዛዝ አንቀጽን ሦስት መደብ የተማርኩት ከጎርፍ ነው።

አገራችን ሜዳ ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሞ፣ መሐሉ የማሽላ ማሳ። ዝናቡ አይታመንም። ስለዚህ ገበሬው ሰማይ ብቻ አያይም፤ ደጋ ላይ ዘንቦ በሆርማትና በጎሊና አሸዋ ላይ የሚወርደውን ውሃ ይጠብቃል። አሸዋ፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ ከምሮ ውሃውን ወደ ማሳው ይመልሳል። ጎርፍ መጥለፍ ይባላል። ጎርፉ ታዲያ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው የሚደርሰው። ደጋው ሲያጉረመርም አያቴ ብድግ ይሉና እኔን በእግራቸው ነካ አድርገው «ተነሣ!» ይሉኛል። ከዚያ በራፍ ላይ ቆመው ለጎረቤቱ «ኑ! ጎርፉ መጣ!» ይጣራሉ። አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ደግሞ «እንሂድ!»። ሦስቱ መደብ በዚህ አለቀ። ባለቤት የለው፣ ማብራሪያ የለው። ጎርፍ እየመጣ «አንተ» ብሎ ዓረፍተ ነገር የሚያሳምር ሰው የለማ!

ሲነጋ ያው የሌሊቱ ሰው ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እኛ ቤት ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ትእዛዙ «እንብላ!» ነው። መንገደኛ ቢያልፍም «እንብላ!» ይባላል። ፈረንሳዮቹ «ማንዦን!» ይሉታል። እነሱ ግን መንገደኛውን ይጨምሩበት እንደሆነ መምህራችንን ጠይቄ ሳቁብኝ።

አሁን ወደ ሰሌዳው ቃል ልመለስ። በአማርኛ «መጣ» የሚለው ግሥ ትእዛዙ «ምጣ» አይደለም፤ «ና» ነው። ከግዕዙ «ነዓ» የወረስነው ይመስላል። ለሴት «ነይ»፣ ለብዙ «ኑ»። ፈረንሳይኛ ወንድና ሴትን በዚህ አይለይም፤ ለሁለቱም «ቪያን» ነው። ይልቅ የገረመኝ አሉታው ነው። «ቪያን» ሲከለከል ያው ራሱ «ቪያን» በ«ነ» እና በ«ፓ» መሐል ቆሞ ይታያል። የኛ «ና» ግን አሉታ የለውም። «አትና» ያለ ሰው የለም። መከልከል ሲመጣ «ና» ጭራሽ ይጠፋና ሌላ ቃል ይተካል፤ «አትምጣ»።

ይህን ልዩነት በሰዋስው መጽሐፍ ሳይሆን በስልክ ነው ያወቅሁት።

ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ራያ ሜዳ ሲደርስ እኔ የክረምቱን ዕረፍት አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። እማ ደወለች። ሌላ ጊዜ ስትደውል ነገሯን የምትዘጋው «ና እንጂ ልጄ፣ ምነው ቀረህ» ብላ ነበር። ያን ዕለት ግን «አትምጣ» አለችኝ። «ምን ሆናችሁ?» ስላት «ምንም አልሆንን። አትምጣ። አብሽር» አለችና ዘጋች። «አብሽር» የወሎ ሰው ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ለተጨነቀ ሰው የሚለው ነው። ከዐረብኛ የመጣ ትእዛዝ ነው፤ «የምሥራች ይሁንልህ» እንደ ማለት። እኛም እንደ ራሳችን ግሥ «አብሽሪ፣ አብሽሩ» እያልን እናረባዋለን።

ከዚያ በኋላ የአካባቢው ስልክ በሙሉ ጠፋ። ጳጉሜ 4 ቀን ቆቦ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ኋላ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ዘግበውታል፤ እኛ ያን ጊዜ በወሬ በወሬ ነበር የሰማነው። አክስቴና እኔ የእማን ቁጥር በየማታው እንደውላለን፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋን ሴት ድምፅ ሰምተን እንተኛለን። እንዲህ እያልን እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆየን።

በዚያ መሐል አያቴ አረፉ። ጥይት አላገኛቸውም። የዘወትር መድኃኒታቸው አልቆ፣ የሚገዛበት ቦታ ጠፍቶ፣ በጥቅምት ነው ያረፉት። «ተነሣ!» ይሉኝ የነበሩትን ሰው ሲቀብሩ እኔ አልነበርኩም። መሞታቸውንም የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ በእማ ተቀይሜአለሁ፤ አልዋሽም። «አትምጣ ባትለኝ እሄድ ነበር» እል ነበር፤ ለአክስቴም እንዲሁ ነበር የምለው። እውነቱ ግን መንገዱ ዝግ ነበር። ብትጠራኝም አልደርስም። እሷም ይህን ታውቃለች። ታዲያ የማልችለውን ነገር ለምን ከለከለችኝ?

የገባኝ ባለፈው ሳምንት፣ ክፍሉ «ነ ቪያን ፓ!» ብሎ ሲጮህ ነው። ትእዛዝ አንቀጽ ባለቤቱን ይጥላል ብለናል። «አልመጣሁም» ባልኩ ቁጥር ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ያልመጣሁት እኔ፣ ያልቀበርኩት እኔ። «አትምጣ» ስትል ግን ነገሩ የእሷ ሆነ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ያን ሸክም ይዞ እንዳያድግ በአንድ ቃል አንሥታ ራሷ ላይ ጫነችው። እኔም ይህን ሳላውቅ በእሷ ላይ ቂም ስቆጥር ኖርኩ። እሷ ግን ለዚያም የተዘጋጀች ይመስለኛል።

ስልኩ የተከፈተ ለት መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነበር። «ሄሎ» እንኳ አላለችም። «ና» ነው ያለችኝ።

እነሆ መምህር፣ ያን ዕለት ዝም ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። መልሱ «ነ ቪያን ፓ» መሆኑን አውቄ ነበር። ለእናንተም ጓደኞቼ፣ እናታችሁ ቆጣ ብላ በአንዲት ቃል ስታዝዛችሁ ቶሎ አትቀየሙ፤ ቃሏ ያጠረው ጎርፍ ሰምታ ይሆናል።

ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አጥና፤ እናጥና፤ አጥኑ። አብሽሩ።