ያልጠፋ ነገር ፍለጋ

ሰው የጠፋበትን ሲፈልግ ያምርበታል። ያልጠፋበትን፣ ያውም ሌላው ሆን ብሎ የደበቀውን ዕቃ ጫካ ለጫካ ሲያስስ የሚውለውን ግን ዘመዶቹ ቢያስቡለት አይፈረድባቸውም። የኔዎቹ ማሰብ የጀመሩት ጂኦካሺንግ ከያዘኝ ወዲህ ነው። ነገሩ አይከብድም። አንዱ ዕቃ ይደብቅና የቦታውን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ለሕዝብ ያሳውቃል፤ ሌላው ስልኩን ይዞ ሄዶ ይፈልጋል። ሲያገኝ ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ይፈርምና እንደነበረ መልሶ ይደብቀዋል። ሽልማት የለውም።

ይህ ሥራ ፈትነት ከየት እንደመጣ ሳጣራ ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት ጓዳ ሆኖ አገኘሁት። ጂፒኤስን የሠራው እሱ ነው። ሳተላይቶቹ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው እየዞሩ ሰዓት ይናገራሉ፤ መሣሪያው ቢያንስ የአራቱን ምልክት አመሳክሮ የት እንደቆምክ ያሰላል። ወታደሮቹ ታዲያ ጠላት ይጠቀምበታል ብለው ስለሰጉ ለሲቪሉ በሚለቁት ምልክት ላይ ስህተት ይቀላቅሉበት ነበር። በዚህ የተነሣ ተራው መሣሪያ እስከ መቶ ሜትር ይስት ነበር። መቶ ሜትር ባሕር ላይ ምንም አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሌላ ሠፈር ነው።

ፕሬዚዳንት ክሊንተን ያ ስህተት እንዲቀር አዘዙና እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ሊጠባ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቀረ። በየሰው ኪስና በየጀልባው ያለው መሣሪያ ሁሉ፣ ባለቤቱ እንደተኛ፣ አሥር እጥፍ ያህል ልክ ሆኖ አደረ። መርከበኛው መንገዱን ያቀናል፣ ነፍስ አድኑ ቶሎ ይደርሳል ተብሎ ተጠበቀ። ዴቭ ኡልመር የተባለ የኮምፒውተር አማካሪ ግን ሜይ 3 ቀን፣ ከፖርትላንድ፣ ኦሪገን ወጣ ብላ ባለችው ቢቨርክሪክ አጠገብ ጫካ ገብቶ ጥቁር ባልዲ ደበቀ። ባልዲው ውስጥ መጽሐፍ፣ ቪዲዮ፣ ሶፍትዌር፣ ጥቂት ገንዘብ፣ ወንጭፍና አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነበረበት። ገንዘቡ ይገባኛል፤ ወንጭፉም ለልጅ ይሆናል። ባቄላውን ግን ጫካ ውስጥ አግኝቶ ደስ የሚለው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ።

ኡልመር ቁጥሩን በኢንተርኔት ለጂፒኤስ ወዳጆች ለቀቀው። ደንቡም የወደድከውን ውሰድ፣ የራስህን ተው የሚል ነበር። በቀናት ውስጥ ከዋሽንግተን ስቴት የመጣ ማይክ ቲግ የሚባል ሰው አገኘው። በዚያው ወር ማት ስተም የተባለ ሰው ለጨዋታው ጂኦካሺንግ የሚለውን ስም አወጣለት፤ ሴፕቴምበር ላይ ጄረሚ አይሪሽ የሚባል ሌላ ሰው የጨዋታውን ድረ ገጽ ሲከፍት የተመዘገበው ድብቅ ዕቃ 75 ብቻ ነበር። ዛሬ በሚሊዮን ይቆጠራል። እንግሊዞች «እኛ ቀድመናል» ቢሉ ግን ያስኬዳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1854 ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ ዳርትሙር ውስጥ ክራንሚር ፑል ከሚባለው ሩቅ ቦታ ጠርሙስ አስቀምጦ፣ እዚያ ድረስ የለፋ እንግዳ ሁሉ የስም ካርዱን ይተውበት ነበር። ሳተላይት አልነበረም፤ ጭቃው ግን እንደ ልብ ነው።

እኔን ያስጀመረኝ የእህቴ ልጅ ነው። የምንኖረው ሲያትል ነው፤ የድረ ገጹ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚሁ ነው። «ጋሼ፣ ሐኪሙ በእግርህ ሂድ ብሎህ የለ?» አለና አፑን ስልኬ ላይ ጫነልኝ። የፍለጋው ክብደትና የመንገዱ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 5 ደረጃ አላቸው። ጀማሪ ከ1 ይነሣል፤ ትዕቢተኛ ከ4።

እኛ «ስትደርስ ደውል» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። እዚህ ሳተላይቱ እስከ ጥቂት ሜትር ያደርስሃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚደወልለት የለም። ስልኩ ላይ ያለው ቀስት አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፣ አንተም አብረኸው ትዞራለህ። ጨዋታው ያቺ የመጨረሻዋ አምስት ሜትር ናት። የጨዋታው ደንበኞች ስትፈልግ ሰው እንዳያይህ ብለው ይመክራሉ። ይህን ምክር ያመጣው ሰው «እዚህ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ተጠይቆ የማያውቅ መሆን አለበት። ጥቁር ሰው ተደብቆ የሰው ቁጥቋጦ ሲበረብር ከተገኘ ስለ ኡልመር ባልዲ ለማስረዳት ጊዜ የሚሰጠው የለም። ስለዚህ እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ፀሐይ ከተገኘ፣ ቢጫ ሹራቤን ለብሼ ነው የምፈልገው።

አንድ ቅዳሜ ሬይኒየር ጎዳና አካባቢ ከአንድ ገበያ ፓርኪንግ ውስጥ የመብራት ምሰሶ እየዞርኩ ነበር። አውቶቡስ የሚጠብቁ አንዲት እናት ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ምንም አልጠፋብኝም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

«ሰው የደበቀው ዕቃ አለ።»

«የማን?»

«ሰውየውን አላውቀውም።»

ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉ። ሳተላይቱንም፣ ባልዲውንም፣ ባቄላውንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ በከዘራቸው የምሰሶውን እግር ቆረቆሩት። ብሎኖቹን የሚሸፍነው ብረት ቃጭ አለ።

«ይኼ ልቅ ነው» አሉ።

ብረቱን ከፍ ሳደርገው በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች የድሮ የፊልም ብልቃጥ ከሥሩ ተወትፋለች። ክዳኗን ስከፍት እንደ ክታብ የተጠቀለለ ቀጭን ወረቀት ወጣ፤ እርጥብ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ቀንና የቅጽል ስም ተጽፎበታል። እስክሪብቶ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው።

«ያገኙት እርስዎ ነዎት፤ ስምዎን ይጻፉበት።»

«እኔ? ያላነበብኩት ወረቀት ላይ?» እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «እዚህ አገር ሰው ቤቱን የሚያጣው እንዲህ ነው። አንተም ባትፈርም ይሻልሃል።»

አውቶቡሳቸው መጣ። እሳቸው መስኮቱ ጋ ተቀምጠው እያዩኝ ፈረምኩ።