የእማዬ ድምፅና የሃርድ ዲስክ ገበያ

እናታችን ከማረፏ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት፣ ደብረ ብርሃን በሄድኩ ቁጥር ስልኬን ረከቦቱ ጠርዝ ላይ እያስቀመጥኩ አስወራት ነበር። ስለ ሠርጓ፣ ስለ 77ቱ ድርቅ፣ ድፎ ዳቦ ሲጋገር ኮባው እንዴት እንደሚነጠፍ ነግራኛለች። አንድ ቀን ደግሞ የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ቆጠረችልኝ። በጠቅላላው ሰባት ቅጂ ሆነ። ስልኬ «ቦታ የለም» እያለ ሲያስቸግረኝ ሁሉንም ወደ አንዲት ፍላሽ አዛወርኩና ከስልኩ ላይ አጠፋኋቸው። ፍላሿንም ከቤቱ ካርታ ጋር ባንድ ፖስታ ከትቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሙት ዓመቷ ዕለት፣ ካህናቱ ከሄዱና ሰዉ ከቀለለ በኋላ እህትና ወንድሞቼን ሰብስቤ ፍላሿን ላፕቶፕ ላይ ሰካሁ። እማዬ አልመጣችም። የመጣው «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ያድርጉ» የሚል ጽሑፍ ነው። ጣቴ እሺ ለማለት ሲቃጣ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ተው!» ብሎ እጄን ያዘኝ። ልጁ ኮምፒውተር የተማረ ነው። ያኔ እሺ ብዬ ቢሆን የተረፈውንም ማውጣት ይከብድ እንደነበር በኋላ ነገረኝ።

ጥገና ቤት ተወስዳ ከሰባቱ አራቱ ተረፉ። የዘር ሐረጉ ያለበት ከጠፉት ሦስቱ አንዱ ነው። ይህን በስልክ ስነግራት ታላቅ እህታችን፣ እትዬ፣ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ወረቀት ላይ ብትጽፈው ምን ነበረበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

አራታችን አዋጥተን ሃርድ ዲስክ ለመግዛት የተስማማነው ከዚያ በኋላ ነው። ከአራታችን ሁለታችን ጡረተኞች ስለሆንን መዋጮው ብዙ አልነበረም። እቃ መራጭ እኔ፣ አማካሪ የእህቴ ልጅ ሆንን።

መገናኛ አካባቢ በገባንበት የመጀመሪያ ሱቅ ውስጥ ሻጩ «ፋዘር፣ ይቺን ይያዙ» ብሎ የክብሪት ቀፎ የምታህል የምታብለጨልጭ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ላይዋ ላይ 16 ቴራ ይላል። ዋጋዋ አጠገቧ ከተደረደሩት ስመ ጥር 1 ቴራዎች ግማሽ ነው። እኔ በልቤ ለወንድሜ ልጆች ጭምር ልገዛ መደብ ጀምሬያለሁ። የእህቴ ልጅ ግን እጅጌዬን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ውሸት ነው» አለ። እንዲህ ያሉት እቃዎች ሲከፈቱ ውስጣቸው ብዙ ጊዜ የስልክ ሚሞሪ ካርድ የመሰለች ትንሽ ነገር ተጣብቃ ነው የምትገኘው። ኮምፒውተሩን «16 ቴራ ነኝ» እንድትለው ተደርጋ ተሠርታለች። ፎቶ ስትገለብጥባት ሁሉንም ትቀበላለች፤ የፋይሎቹ ስም በሥርዓቱ ተደርድሮ ይታያል። እውነተኛ ቦታዋ ሲሞላ ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ ትጽፋለች፣ ወይም ጨርሶ አትጽፍም። ይህን የምታውቀው ደግሞ ከዓመት በኋላ ልትከፍት ስትሞክር ነው። የእማዬ ፍላሽ ሳታስበው ያደረገችኝን ይቺኛዋ ሆን ብላ ልታደርገኝ ነበር ማለት ነው።

ሻጩን ግን አልቆጣሁትም። ምናልባት እሱም አያውቅ ይሆናል።

ሁለተኛው ሱቅ ነገሩ ሌላ ነው። ዋጋው ቀነስ ያለ፣ ሽፋኑ አዲስ የሆነ 1 ቴራ አገኘን። ልጁ ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ሰካውና አንዲት ፕሮግራም ከፈተ። ለካ ሃርድ ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሠራ ራሱ ውስጥ ይመዘግባል፤ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ቁጥሩ ከ20,000 ሰዓት በላይ ይላል። ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ቢሠራ ከሁለት ዓመት በላይ ማለት ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ዲስክ አዲስ ኬዝ አልብሰውት ነው። እንዲህ ያለው እቃ አሮጌ መሆኑ ተነግሮህ፣ በአሮጌ ዋጋ ከገዛኸው ለፊልም ማስቀመጫ አይከፋም። ለእናት ድምፅ ግን አይሆንም።

ወደ ሦስተኛው ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ምን እንደምንፈልግ አሰብን፤ ከቤት ሳንወጣ ማድረግ የነበረብን ይህን ነው። የሁላችንም ስልክ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የልጆች ምርቃት፣ የተረፉት የእማዬ ቅጂዎች ሁሉ ተደምረው 200 ጊጋ አይሞሉም። አንድ የስልክ ፎቶ 4 ሜጋባይት ነው ብንል 1 ቴራ ውስጥ 250,000 ፎቶ ይገባል። ቦታ የሚበላው ቪዲዮ ነው፤ እሱም ቢሆን ለእኛ ይበቃል። 500 ጊጋውስ? ዋጋው ከ1 ቴራው ያን ያህል አይርቅም ነበር፤ ግማሽ ቦታ ይዘህ ግማሽ ዋጋ አትከፍልም። 4 ቴራው ደግሞ ለእኛ ባዶ ጎተራ ነው። የእሱ ዋጋ ሁለተኛ 1 ቴራ ይገዛልናል፤ ይህ ሁለተኛ የሚለው ነገር ወደ ኋላ ይመጣል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የሚሽከረከረው ይሻላል ወይስ ኤስኤስዲ የሚባለው ነው። በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ውስጥ እንደ ሸክላ የሚዞር ሳህን አለ፤ አንባቢው መርፌ ሳህኑን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል። እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ቢወድቅ መርፌው ሳህኑን ይጭረዋል፤ ያኔ የተቀመጠው ሁሉ አደጋ ላይ ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው መውደቅን ይችላል፤ ፈጣንም ነው። ግን ለእኩል ቦታ ዋጋው ይወደዳል። በተጨማሪም መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙል ስለሆነ ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ቢረሳ ሙሉ ሊሟሽሽ ይችላል። በየቀኑ ቦርሳ ውስጥ ይዞ ለሚዞር ተማሪ ኤስኤስዲውን እመርጥለት ነበር። የእኛ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ የሚኖር ነው። የሚሽከረከረውን መረጥን።

የኪስ መጠን ያለውን የመረጥነው ኪሳችን ስለጠበበ ብቻ አይደለም። ትልቁ የጠረጴዛ ሃርድ ዲስክ የራሱን ሶኬት ይፈልጋል፤ በመሀል መብራት ድርግም ቢል እየገለበጠ ያለው ፋይል ይበላሻል። ትንሹ ኃይሉን የሚያገኘው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ገመድ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ደህና ከሆነ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። መብራት እየመጣ በሚሄድበት ሰፈር ለምንኖር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ ተደርድረዋል። ከሦስቱ የትኛው ይሻላል ብሎ መጨቃጨቅ ትርጉም ያለው አልመሰለኝም፤ ሁሉም ሃርድ ዲስክ ሟች ነው። እኛ ያየነው ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑን፣ ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ከእቃው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን፣ ገመዱ ዩኤስቢ 3 መሆኑን ነው። ዩኤስቢ 2 የሆነ እንደሆነ የአንድ ሰዓት ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሻጩ ካልሠራ በሳምንት ውስጥ እንድንመልስ ደረሰኙ ላይ በእስኪብርቶ እንዲጽፍልን ጠየቅን። አቅማማ፤ ከዚያ ጻፈ። ለዚህ ብቻ ከሌላው ሱቅ ጥቂት ብር ብንጨምርለት አልቆጨንም።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ ላፕቶፑ ላይ ዓይኗን ተክላ «1 ቴራ አላላችሁም? 931 ነው እኮ የሚለው!» አለች። የሥጋ ቤት ሚዛን ላይ እንደምትቆመው ወገቧን ይዛለች። ልጁ ሳቀና አስረዳት፦ ፋብሪካው አንድ ኪሎ ባይትን 1,000 ብሎ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ 1,024 ብሎ። የተሰረቀ የለም። ባለቤቴ ግን እስካሁን 69 ጊጋ እንዳለብን ነው የምታስበው።

የዚያን ዕለት ሌሊት አንዲት ነፃ የመፈተሻ ፕሮግራም ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሞላች መልሳ ስታነብ አደረች። ጠዋት አንድም ስህተት አላገኘችም። መቅዳት የጀመርነው ከዚያ ነው። ልጁ የይለፍ ቃል እንዳደርግበት ጠይቆኝ ነበር። እኔ የኤቲኤም ቁጥሬን ሁለት ጊዜ የረሳሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ባለው ዲስክ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ፋብሪካውም አይከፍትልህም። ተውነው። ፎቶዎቻችንን የሚያይ ሌባ ቢያይ ምን ይጎዳናል፤ የሚያየው ቅዳሜ ቅዳሜ ዶሮ ስንበላ ነው።

አንድ ሊበላሽ ነበር። የልጅ ልጄ ሠርጉን በትልቁ ለማየት ብሎ ዲስኩን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። ቴሌቪዥኑም «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ። አራት ዓመቱ ነው፤ ማንበብ አይችልም፣ ሪሞቱ ግን በእጁ ነው። ባለቤቴ ከማድ ቤት እንዴት እንደደረሰችበት አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲስኩ ቴሌቪዥን አጠገብ አይደርስም፤ ለማየት የምንፈልገውን ብቻ ፍላሽ ላይ ገልብጠን ነው የምናየው።

ሁለተኛውን 1 ቴራ ከሁለት ወር በኋላ ገዝተን ሁሉንም ገለበጥንበት። አንዱ ቤት ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ ሌላው እንዲተርፍ ደብረ ብርሃን እትዬ ዘንድ እንዲቀመጥ ወሰንን። እኔው ይዤው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሕፃን መስሏቸው «እንዴት ጨዋ ነው፣ አያለቅስም» አሉኝ።

የዘር ሐረጉን ከእትዬ ጋር እንደገና ጀምረናል፤ በደብተር። እሷ የምታስታውሰውን ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ገጹን በስልክ አነሳለሁ። አምስት ቤት ድረስ ደርሰናል። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን የሚያውቅ ዘመድ እስካሁን አላገኘንም።

ያን ዕለት ማታ፣ ቡናው ከተፈላ በኋላ፣ ዲስኩን ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ ከተረፉት አራቱ አንዱን ከፈትኩ። መጀመሪያ የሲኒ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ እማዬ «ይሄ ነገር እየሰማን ነው እንዴ?» ስትል፣ እኔ «አዎ እማዬ፣ ተናገሪ» ስላት። ትንሽ ሳቀችና ቆሎ እንድታመጣ ትልቋን ልጇን ወደ ጓዳ ጮክ ብላ ጠራቻት።

እትዬ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ «አቤት!» አለች።