እሳቱ ጠፍቶም አደጋው አላለፈም ነበር

ዳንግላ አካባቢ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የኮንትሮል ሩም ኦፕሬተር ነበርኩ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የአገሪቱ የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኢንሳ ከሕዳሴ ግድቡ ጋር የተያያዘ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን ሲያሳውቅ የእኛም አለቆች ደነገጡ፤ በኮምፒውተሮቹ ሁሉ ላይ አዲስ አንቲቫይረስ እንዲጫን አዘዙ። መደንገጣቸው ልክ ነበር። ትእዛዙ ግን የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተርና ቦይለሩን የምናይበትን ስክሪን አልለየም።

አንድ ሌሊት አፕዴቱ በሥራ መሀል በኔትወርክ መጣ። ስክሪኑ ጨለመ። ተመልሶ ሲነሳ አንቲቫይረሱ ቦይለሩን የምናይበትንና የምናዝበትን የስካዳ ፕሮግራም እንደ ቫይረስ ቆጥሮ አግዶታል። የውሃ ልክ መለኪያው ያን ሰሞን ተበላሽቶ ስለነበር የውሃ ፓምፑን የምናዘው እኛው ከስክሪኑ ላይ ነበር፤ አሁን ፋብሪካው ብዙ እንፋሎት እየሳበ፣ ፓምፑ በቀድሞው ዝቅተኛ ፍጥነት ቀጠለ።

ደረጃውን እየሮጥኩ ስወርድ የበርነሩ ድምፅ ተቋረጠ። ውሃ ሲጎድል እሳቱን የሚቆርጠው፣ በሽቦ ብቻ የሚሠራው አሮጌ ተንሳፋፊ ሥራውን ሠርቷል። የውሃውን ልክ በሚያሳየው የቦይለሩ መስታወት ውስጥ ግን ጠብታ ውሃ አይታይም። ረዳቱ ልጅ የውሃውን ቫልቭ ሊከፍት ተንደረደረ።

«ተው ልጄ! እንዳትነካው!»

የቦይለር ክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ ናቸው፤ እጁን አፈፍ አድርገው ያዙት። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢለቀቅ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ቦይለሩን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ከእኛም የሚተርፍ አይኖርም ነበር። ሳንነካው ቀዘቀዘ፤ ነጋልን።

ኋላ ሳነብ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ሃች የተባለ የኑክሌር ጣቢያ አንዱ ሪአክተር በአንድ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ በተጫነ አፕዴት ምክንያት ለ48 ሰዓት መዘጋቱን አወቅሁ። ይህን ይዤ ግን የሳይበር ጥበቃው ይቅር አልልም። በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ሰርጎ ገቦች ዩክሬን ውስጥ 225 ሺህ ያህል ደንበኞችን ጨለማ ውስጥ ከትተዋል። መብራቱ በሰዓታት የተመለሰው ሠራተኞች ወደየጣቢያው ሄደው በእጃቸው ስላበሩት ነው።

ዛሬ በምሠራበት ቦታ አፕዴት መጀመሪያ በመጠባበቂያ ኮምፒውተር ይሞከራል፤ ወደ ዋናው የሚገባው ለጥገና ስንቆም ብቻ ነው። ከውጭ የሚገባው የኔትወርክ መስመር እኛ ካልከፈትነው ዝግ ነው። አንድ ክርክር ግን አላለቀም፤ አንዳንዶች የኦፕሬተሩ ስክሪን ለደቂቃዎች ካልተነካ በፓስወርድ ይቆለፍ ይላሉ። አልተስማማሁም። የክፍሉ በር ይቆለፍ፣ ዘበኛም ይቁም፤ አላርም ሲጮኽ ግን ኦፕሬተሩ ፓስወርድ ሲጽፍ መገኘት የለበትም።