ቡራቡሬው ወንድም

ዲላ ዩኒቨርሲቲ እያለን «መርሊን» የሚባል የእንግሊዞች ተከታታይ ፊልም በፍላሽ ከዶርም ዶርም ይዞር ነበር። ከንጉሥ አርተር ፈረሰኞች አንዱ ጥቁር ነው። «ደግሞ ጥቁር ፈረሰኛ ከየት አመጡ?» ብላ አንዷ ሳቀች። ኢንተርኔት ላይ ፈረንጆችም ይህንኑ ይላሉ፤ እነሱ ግን ተቆጥተው።

እናንተዬ፣ ጥቁሩ ፈረሰኛ ከመጣማ 800 ዓመት አለፈው! በ1200ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማወራው) ጀርመናዊው ገጣሚ ቮልፍራም ፎን ኤሸንባህ ቅዱሱን ግራል ስለሚፈልገው ፈረሰኛ «ፓርሲፋል»ን ጻፈ። ሌሎቹ ግራል ጽዋ ነው ይላሉ፤ ለቮልፍራም ግን ድንጋይ ነው። (ድንጋይ ከሆነማ ቱቱ ፌላ ይምጡ፣ የቆመ ሞልቶናል።)

የፓርሲፋል አባት ጋህሙሬት አስቀድሞ ዛዛማንክ በምትባል የተረት አገር በላካኔ የተባለች ጥቁር ንግሥት አግብቶ ነበር። እርጉዝ እያለች ሌሊት በመርከብ ጠፋ። ደብዳቤ ትቶላታል፤ ሰበቡ ክርስቲያን አለመሆኗ። እሷ እኮ ለመጠመቅ ፈቃደኛ ነበረች! አፍ አውጥቶ መጠየቅ አቃተው? በቴክስት የሚለዩን ወንዶች አባታቸው ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

የተወለደው ልጅ ፋይረፊስ ቡራቡሬ ሆነ፤ እንደተጻፈበት ብራና፣ ጥቁርና ነጭ። ገጣሚው ክልስ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ዶሮ መስሎታል። ግን ክብር አልነፈገውም። ወንድማማቾቹ ሳይተዋወቁ ሲዋጉ የፓርሲፋል ሰይፍ ተሰበረ። ፋይረፊስ ባዶ እጁን የቆመ ሰው አልመታም ብሎ የራሱን ሰይፍ ወረወረ። ለእኔ የመጽሐፉ ጀግና የተለየው እዚህ ጋ ነው።

በኋላ ግራሉን የምትሸከመዋን ሴት አግብቶ ወደ ህንድ ሄደ። የልጃቸው ስም? ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ! አዎ፣ ያው ፕሬስተር ጆን። ያኔ አውሮፓውያን ህንድንና ኢትዮጵያን ይቀላቅሉ ስለነበር ዮሐንስን እኛ ዘንድ ሲፈልጉት ኖሩ። በ1520 የፖርቹጋል ልዑክ ሲመጣ ዐፄ ልብነ ድንግልን በዚሁ ስም ጠራቸው። ከልዑኩ ጋር የነበረው ቄስ አልቫሬዝ 6 ዓመት እዚህ ኖሮ፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ገበያውንም በዓይኑ አይቶ፣ በ1540 የታተመው መጽሐፉ ርዕስ ላይ ያለው ያው ፕሬስተር ጆን ነው።

በ1882 ደግሞ ዋግነር ታሪኩን ኦፔራ አደረገው። ፓርሲፋል አለ፣ ግራሉ አለ። በላካኔና ፋይረፊስ የሉም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ነው።

በላካኔ በሐዘን መሞቷን ቮልፍራም ራሱ የሚነግረን በልጇ አፍ፣ በጨረፍታ ነው። አዲስ ፊልም የሚሠራ ካለ ከእሷ ይጀምርልኝ፤ ጠዋት ተነስታ ያንን ደብዳቤ ስታነብ።