የምትታጠፈው መዝጊያ

በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ ወገን፣ በአንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ከባለቤቱና ከአማቱ ጋራ ይኖር ነበር። የቤቱ ወጥ ቤት ጠባብ ነው። በአንድ ወገን ምድጃው አለ፤ በፊት ለፊቱም፣ በኹለት ቋሚዎች መካከል፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ቅቤውና ሰሐኑ የሚቀመጥበት የግድግዳ ቁም ሣጥን አለ። በመካከላቸው የሚቀረው መተላለፊያ 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የቁም ሣጥኑ ስፋት 120 ሳንቲ ሜትር ስለ ኾነ፣ እያንዳንዳቸው 60 የኾኑ ኹለት መዝጊያዎች ነበሩት። አንዱ መዝጊያ በተከፈተ ጊዜ ለሰው የሚተርፈው መንገድ 20 ሳንቲ ሜትር መኾኑን ሕፃን እንኳ ሊቈጥረው ይችላል፤ ነገር ግን ሰው በለመደው ነገር ላይ ሒሳብ አይሠራምና፣ ቤተ ሰቡ ስንት ዓመት ኹሉ ጎኑን እያጠበበ ሲያልፍ ኖረ።

ከዚህ በኋላ አማቱን ግላኮማ የሚባለው የዐይን ሕመም ያዛቸው። ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ ፊት ለፊት ያለውን እያሳየ ዳር ዳሩን ቀስ በቀስ ይወስዳል፤ ሐኪምም የቀረው ብርሃን እንዳይኼድ ይጠብቃል እንጂ የኼደውን ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ እኒህ እናት በእሳት ላይ ያለውን ድስት አጥርተው ሲያዩ በጎናቸው የቆመውን ግን አያዩም ነበር። በ2011 ዓ.ም. በየካቲት ወር አንድ ቀን ወጡን አማስለው ዘወር ሲሉ፣ ማንም ሳይነካው የተከፈተው የመዝጊያ ጠርዝ ግንባራቸውን መታቸውና ደማቸው ፈሰሰ።

መዝጊያው በገዛ እጁ የተከፈተው ጋኔን ኑሮበት አይደለም። አማቹ ቱንቢ ቢጥልበት ቋሚው ከራሱ በኩል ኹለት ጣት ያኽል ወደ ውጭ ዘሞ ተገኘ። ቋሚው የዘመመበት መዝጊያ ክብደቱ ወደ ዘመመበት ወገን ይስበዋልና ዘግተውት ቢኼዱ ተመልሶ ይከፈታል።

ልጃቸው ደንግጣ፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ወጥ ቤት አይግቡ» አለቻቸው። እርሳቸውም አልተከራከሩም፤ በመደቡ ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሲቀርብ፣ «ሽሮው ጨው በዝቶበታል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገሩም። በማታው ግን አማቻቸውን ለብቻው ጠርተው፣ «ልጄ፣ ዐይኔ ሳይጠፋ እጄን አጠፋችሁት» አሉት። ሰውዬው ሌሊቱን አልተኛም።

ያሰበው ነገር ቀላል ነበር። እያንዳንዱን መዝጊያ ከመካከሉ ከፍሎ በማጠፊያ ቢያያይዘው፣ ሲከፈት ወደ መተላለፊያው የሚወጣው 60 ሳይኾን 30 ሳንቲ ሜትር ይኾናል፤ ለሰውም 50 ይተርፋል። አናጢ እንዳይጠራ ገንዘብ አልነበረውም፤ ስለዚህ መጋዝና መላጊያ ከጎረቤት ተዋሰ።

በመጀመሪያ የሠራው ከባሕር ዛፍ ጣውላ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ የኾነው ይህ ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል፤ ውለታውም አይካድም። ነገር ግን እርጥቡን ሰንጥቀው ሳንቃ ያደረጉት እንደ ኾነ፣ ሲደርቅ ይጣመማል። አራቱም ሳንቃዎች በምድጃው አጠገብ አንድ ወር ሳይቆዩ እንደ ተቃጠለ ቈዳ ተጠማዘዙ።

አማቱ የተጣመመውን ሳንቃ በእጃቸው ዳስሰው ዝም ካሉ በኋላ፣ «በጓዳ የቆመውን አልጋ ውሰድ» አሉ። ይህ የባላቸው አልጋ ነው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ማንም አልተኛበትም። ከዋንዛ የተሠራ የጠፍር አልጋ ነበር። ዋንዛ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚቦረቦርበት እንጨት ነው፤ ለመሣሪያ ይታዘዛል፤ ይህ ደግሞ ዐርባ ዓመት በቤት ውስጥ የደረቀ ነበር። አማቹ፣ «እማማ፣ ይህንስ አልነካም» ቢል፣ «ቆሞ ከሚያስለቅሰኝ ተከፍቶ ያብላኝ» አሉት።

ኹለቱን ረጃጅም ጎኖች ለኹለት ለኹለት ሰንጥቆ፣ እያንዳንዱንም በ85 ሳንቲ ሜትር ቈርጦ፣ ለአራት ክፈፎች ስምንት ቋሚ እንጨት አገኘ፤ በክፈፎቹም መካከል ቀጭን ጣውላ በቦይ ውስጥ ሳያጣብቅ አስገባ። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኰማተራል፤ ስለዚህ የሚተነፍስበት ቦታ ያስፈልገዋል። የዘመመውንም ቋሚ፣ ከላይ ቀጥኖ ወደ ታች እየወፈረ የሚኼድ ክታብ እንጨት አስጠግቶበት በቱንቢ አቀናው።

ከዚያ በኋላ ስምንቱን ማጠፊያዎች ኹሉ ዘንጋቸውን ወደ ውጭ አድርጎ መታ፤ መዝጊያውም እንደ ግድግዳ ጸንቶ ቆመና አልታጠፍም አለ። ሳንቃ የሚታጠፈው የማጠፊያው ዘንግ ወዳለበት ፊት ብቻ ነው። በቋሚው ላይ ያለው ዘንግ ወደ ውጭ፣ በመካከል ያለው ግን ወደ ውስጥ ሊኾን ይገባዋል። አራቱን ነቅሎ በዠርባው መታቸው፤ የቀሩትም የብሎን ቀዳዳዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ።

በግንቦት ተሰቀለ። የነጻው ጠርዝ እንዳይወዛወዝ ከሥሩ የእንጨት ችንካር አበጅቶ በታች ቦይ ውስጥ አስኬደው፤ ኹለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ቦዩ በሽሮና በበርበሬ ትቢያ ተደፈነ። የወጥ ቤት ቦይ ከላይ እንጂ ከታች እንደማይቀመጥ ማንኛዪቱም ባልቴት ትነግረው ነበር፤ አልጠየቀም። በሰኔ ችንካሩን ወደ ጉበኑ አወጣው። በክፈፎቹም መካከል የአንድ ሳንቲም ውፍረት ያኽል ክፍተት ስለ ተወ፣ ሐምሌ ዝናሙን ይዞ ቢመጣም መዝጊያው አልተቀረቀረም።

ጠፍሩ ያልፍባቸው የነበሩትን ቀዳዳዎች ሊደፍናቸው ባሰበ ጊዜ አማቱ ከለከሉት። በሐምሌ መጨረሻ አንድ ማለዳ፣ ገና ሰው ሳይነሣ፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ፤ ጣታቸው ቀዳዳውን አገኘ፤ ሳቡት፤ መዝጊያው ያለ ድምፅ ታጠፈ። ልጃቸው የሽንኵርቱ ሽታ ቀስቅሷት እየሮጠች ብትመጣ፣ ዘወር ሳይሉ፣ «ጨዉን እኔ እጨምራለሁ» አሏት።