በቆርቆሮ የመጡልኝ ሌሊቶች

ኦክስፎርድ ስትሪት ላይ የነበረው ትልቁ የኤችኤምቪ ሙዚቃ ቤት ግድግዳው ላይ የጆሮ ማዳመጫዎች ተሰቅለው ነበር። የፈለገ ሰው አንሥቶ ያደምጣል፤ «ካልገዛህ ውጣ» የሚል የለም። ለንደን በገባሁ ሰሞን፣ ኪሴ ባዶ በሆነባቸው ቅዳሜዎች፣ እግሬ እስኪደነዝዝ እዚያ ቆሜ ሙዚቃ ሰምቻለሁ። ከዳንስ ሙዚቃው መደርደሪያ ላይ ዓይኔን የሚጠራው አንድ ነገር ነበር፤ በፕላስቲክ ሲዲዎች መሀል በካርቶን የታቀፈ፣ ደብዘዝ ያለ ብርማ ቆርቆሮ። ካርቶኑ ሲወጣ የሚቀረው ስስ የብረት ሳጥን ነው። እጅ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ሲከፈት ቀጭ ይላል። ውስጡ አንድ ሲዲ፣ ሲዲው ላይ የአንድ ሰው ሌሊት።

ቆርቆሮዎቹን ያወጣ የነበረው ፋብሪክ የተባለው የለንደን ክለብ ነው። ክለቡ የተከፈተው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በጥቅምት 1999 ሲሆን ቦታው ፋሪንግደን፣ ከስሚዝፊልድ የሥጋ ገበያ ፊት ለፊት፣ የድሮ ማቀዝቀዣ መጋዘን ሥር ነው። ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ተከታታይ የሲዲ ዓይነቶችን በየወሩ እያፈራረቀ ማሳተም ያዘ። «ፋብሪክ» የሚለው የቅዳሜው ሌሊት ነው፤ ሀውስና ቴክኖ። «ፋብሪክላይቭ» የሚለው ደግሞ የዓርቡ፤ ድራም ኤንድ ቤዝ፣ ሂፕ ሆፕና የቀረው ሁሉ። እኔን የገዛኝ የቅዳሜው ነው።

እስከ ዛሬ የማደንቀው አንድ ውሳኔያቸው አለ። በዚያን ጊዜ የፈለጉትን ታዋቂ ዲጄ ጠርተው የመጀመሪያውን ሲዲ ሊያስይዙት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ፋብሪክ 01ን ለክሬግ ሪቻርድስ፣ ፋብሪክ 02ን ለቴሪ ፍራንሲስ ሰጡ። ሁለቱም የቤቱ ዲጄዎች ነበሩ፤ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው የሚጫወቱ። እንግዳ ከመጠራቱ በፊት ቤተኛው ይሰማ ማለታቸው ነበር።

የመጀመሪያውን ቆርቆሮ የገዛሁት ኖቲንግ ሂል ካለው የአሮጌ ሲዲና ሸክላ መደብር ነው። እዚያ ዕቃ ሳይሸጥ በቆየ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። የወረደው ዋጋ እዚያው ተለጣፊ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ እየተሰረዘ ስለሚጻፍ፣ ሲዲው ስንት ጊዜ ገዢ እንዳጣ ይታያል። የእኔው ፋብሪክ 01 ጥግ ጥጉ ትንሽ ጎበጥ ብሏል፤ ካርቶኑም ጠፍቷል። ለዚህ ይሆናል የረከሰልኝ። አውቶቡስ ላይ ክዳኑን እየከፈትኩና እየዘጋሁ ሄድኩ።

የምኖረው ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ቤት ተጋርቼ ነበር። ጋሼ ነበር የምላቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ከሙዚቃ የማይጠፉ፣ የክቡር ዘበኛን ኦርኬስትራ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። የዚያን ዕለት ማታ ሲዲውን ከፍቼ አንድ አምስት ደቂቃ እንደሄደ በሬን አንኳኩ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ዘፈን የሚጀምረው መቼ ነው?»

«ጀምሯል እኮ ጋሼ!»

አልሄዱም። በሩን ተደግፈው ቆዩ፤ ቀጥሎ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከበሮው ያው ከበሮ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ አራት አራት የሚመታ። ከላዩ ላይ ግን አንድ ድምፅ ሳይታወቅ ይገባል፣ ሌላው ሳይታወቅ ይወጣል። ጋሼ ብዙ ካደመጡ በኋላ «ልጁ አይቸኩልም» አሉኝ። ስለ ክሬግ ሪቻርድስ ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከዚህች አነጋገር የተሻለ ግን አላገኘሁም።

እኔ ያደግኩት በካሴት ነው። ዘፈን መነሻ አለው፣ መድረሻ አለው፣ መሀሉ ዝምታ ነው፤ አንዱ ገጽ ሲያልቅ ይገለበጣል። ሚክስ ሲዲ፣ ማለትም ዲጄ ዘፈኖችን ሳያቋርጥ ያያያዘበት ሲዲ፣ ይህን ሁሉ አነሣብኝ። ማሳያው ላይ የዘፈኑ ቁጥር ከ4 ወደ 5 ሲዞር ጆሮዬ ምንም አይሰማም፤ አምስተኛው ዘፈን ከገባ ቆይቷልና። ይህ እንዴት እንደሚሆን ሳላውቅ ማደር አቃተኝና መጠየቅ ጀመርኩ። ዲጄው ሁለት የሸክላ ማጫወቻ አለው፤ ያኔ የክለቡ ሁሉ መደበኛ ቴክኒክስ 1200 ነበር። ጎኑ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የምትንሸራተት መቆጣጠሪያ አለች፤ የሸክላውን ፍጥነት በመቶ እስከ 8 ድረስ ታፈጥናለች ወይም ታዘገያለች። በዚያች የሁለቱን ዘፈኖች ምት ያገጥማል። ሁለት ቤዝ በአንድ ላይ ከጮኸ ድምፁ ስለሚታፈን፣ የአዲሱን ዘፈን ቤዝ ቀንሶ ያስገባውና ሰዓቱ ሲደርስ የአሮጌውን አውጥቶ የአዲሱን ይለቀዋል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ያችን ቅጽበት መጠበቅ ሱስ ሆነብኝ። ወለሉ ለአፍታ ከሥር የሚነሣ፣ ወዲያው በሌላ ወለል የሚተካ ያህል ነው።

አንዳንድ ርካሽ ማጫወቻ ግን በዘፈን ቁጥሮች መካከል የዐይን ጥቅሻ የምታህል ዝምታ ያስገባል። ለሌላ ሲዲ ግድ የለም። ሚክስ ላይ ግን የጎደለች ደረጃ ናት፤ ከበሮው ሲሄድ ሲሄድ እግር ባዶ ይረግጣል። የሌሊት ሥራዬ ደሞዝ እንደተከፈለኝ መጀመሪያ የገዛሁት ይህን የማያደርግ ማጫወቻ ነበር።

ከዚያ ወደ ፋብሪክ ራሱ ሄድኩ። ገና ሰልፍ ሳይኖር ገባሁ፤ የመጀመሪያው ክፍል ባዶ ማለት ይቻላል፣ ባሩ ላይ በረዶ ይገለብጣሉ። የዚያ ክፍል የዳንስ ወለል ሥር ቤዙን ወደ ንዝረት የሚለውጡ መሣሪያዎች በመቶዎች ተደርድረዋል። ሙዚቃው ገና ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር፤ እኔ ግን መጀመሪያ የሰማሁት በተረከዜ ነው። ከተረከዝ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ሆድ ወጣ። ሲዲው ላይ «ለምን እንዲህ ቀስ ይላል?» ያልኩት ሁሉ እዚያ ቆሜ መልሱን አገኘ። ባዶ ክፍል ውስጥ ሰው አንድ በአንድ ሲገባ፣ ኮቱን ሲያስቀምጥ፣ ጓደኛውን ሲፈልግ፣ ለእሱ የሚሆን ሙዚቃ አለ። ለሌሊቱ እኩሌታ የሚሆነውን ያን ሰዓት ብትጫወትበት ሰውን ታባርራለህ።

ይህን የሚያውቀው የቤቱ ዲጄ ነው። እንግዳው ሁለት ሰዓት ተሰጥቶት፣ ከአየር ማረፊያ መጥቶ፣ ያለውን ምርጥ ምርጡን አሳይቶ ይሄዳል፤ በዚህም አይወቀስም። ቤተኛው ግን ነገም እዚያው ነው። አዝማሪ ቤት የሚያዘወትር ሰው ይህን ልዩነት ሳይነገረው ያውቀዋል፤ የቤቱ አዝማሪ በሩን በዓይኑ ይዞ፣ ገቢው ማን እንደሆነ አይቶ፣ ማንን አሁን ማንን ቆይቶ እንደሚያነሣ ያውቃል። በክሬግ ሪቻርድስ ሲዲዎች ውስጥ የምሰማው ይህንኑ የቤት ዕውቀት ነው። በነገራችን ላይ ሰውየው ሠዓሊም ነው። አንዱን ድምፅ ደፍሮ ባዶ ቦታ ላይ ብቻውን ማቆሙ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

የዚህን ሙዚቃ ታሪክ ወደ ኋላ እየተመለስኩ ስፈልግ ነገሩ ሁሉ በቤት ዲጄዎች የተገነባ ሆኖ አገኘሁት። ፍራንኪ ናክልስ ከ1977 ጀምሮ ቺካጎ፣ ዌርሀውስ በተባለው ክለብ፤ ላሪ ሌቫን ኒው ዮርክ፣ ፓራዳይዝ ጋራዥ በተባለው፣ ከ1977 እስከ 1987። ሁለቱም ጥቁሮች፣ ሁለቱም የአንድ ቤት ሰዎች። ቴክኖንም ቢሆን የዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች ናቸው የፈጠሩት። ሌቫን በ1979 ጋራዡ ውስጥ የተጫወተው ሙዚቃ በ2000 ስትራት በተባለው አሳታሚ በሲዲ ወጥቶ ነበር። ሌቫን ያኔ ከሞተ ስምንት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ይህን ሲዲ ከፋብሪክ ቆርቆሮዎች ጎን አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ሙዚቃው ሩቅ አገር የሰማሁት መሆኑ ቀርቶ የእኔም ሆነ።

በርሊንን ያወቅኳት ደግሞ በሲዲ ብቻ ነው። በርግሃይን የተባለው ክለብ በ2004 ከድሮው የምሥራቅ በርሊን የኃይል ማመንጫ ውስጥ ተከፈተ፤ ታች ቴክኖ፣ ላይ ፓኖራማ ባር የሚባለው ክፍል ሀውስ። ውስጡ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው። ኦስትጉት ቶን በተባለው የራሳቸው አሳታሚ ያወጧቸው የቤት ዲጄዎች ሚክሶች ለእኔ ብቸኛ መስኮቶች ነበሩ። በ2006 የወጣው የካሲ «ፓኖራማ ባር 01» ለስላሳና ጨዋ ነው፤ እሑድ ጠዋት ወጥ እየሠራሁ ስንቴ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። በ2008 የወጣው የማርሴል ዴትማን «በርግሃይን 02» ግን ሌላ ነው። ብረትና ሲሚንቶ፣ ትልቅ ጣሪያ፣ ጨለማ። ሁለት ዘፈን ካለፈ በኋላ ክፍሌ የሰፋ መሰለኝ። አንድ ሕንፃ፣ በአንድ ደረጃ የተለያዩ ሁለት ፎቆች፣ ሁለቱን በድምፅ ብቻ ለይቼ አወቅኳቸው።

አንድ ሚክስ ሲዲ ለማውጣት ውስጡ ያለው ዘፈን ሁሉ ከየባለቤቱ ፈቃድ ይፈልጋል። አንዱ እምቢ ካለ ዲጄው ሠንሰለቱን እንደገና መቀጠል አለበት። በ2007 ዲጄ ሪካርዶ ቪላሎቦስ ግን ፋብሪክ 36ን ሙሉ በሙሉ ከራሱ ሥራዎች ሠራው፤ ያስደነግጣል፣ ያፈዛል፣ አከብረዋለሁ። እኔ ግን ምርጫዬ የሰውን ሥራ ወስዶ የቤቱ ማድረግ ነው። ይህ ጥበብ ሲናቅ ስሰማ ይከፋኛል። «ያልዘፈነውን ዘፈን ደረደረ እንጂ ምን ሠራ?» ይላሉ። ደርድሮ ባዶ ክፍል እስኪሞላ ሰው ማቆየት ቀላል ይመስላቸዋል።

በ2016 መስከረም፣ ሁለት ወጣቶች በአደገኛ ዕፅ ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ፣ የኢዝሊንግተን ምክር ቤት የፋብሪክን ፈቃድ ሰረዘ። ለሁለቱ ልጆች አዘንኩ፤ ለቤቱም አዘንኩ፤ አንዱ ሐዘን ሌላውን አልሻረብኝም። ከምክር ቤቱ ጋር ስምምነት ተደርሶ ቤቱ በጥር 2017 እንደገና ተከፈተ። በ2018 ተከታታዩ መቶ ሲሞላ፣ ፋብሪክ 100ን የሠሩት ክሬግ ሪቻርድስ፣ ቴሪ ፍራንሲስና ከመሥራቾቹ አንዱ ኪት ሬይሊ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች የያዙት ሰዎች አሥራ ሰባት ዓመት ቆይተው የመጨረሻውንም ያዙ።

አሁን ስድስትና ሰባት ሰዓት የሚሄድ የክለብ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ እኔም እሰማለሁ። ሲዲ ግን ከ80 ደቂቃ በላይ ስለማይዝ ዲጄውን ያስገድደዋል፤ ከስንት ቅዳሜ የትኛውን ደቂቃ እንደሚያስቀር ማሰብ አለበት። የቤተሰብ ልጆች «ከየት እንጀምር?» ሲሉኝ የምሰጠው መልስ አንድ ነው። ከፋብሪክ 01 ጀምሩ፣ ሳታቋርጡ፣ ቁጥር ሳትዘሉ። ቀጥሎ የካሲን። ዴትማንን ግን ጥሩ ስፒከር እስክታገኙ አቆዩት፤ በስልክ አይሰማም።