ዲስኩ ቢጎዳም ፋይሉ አለ
ሃርድ ዲስክ ተበላሸ ሲባል «በቃ፣ ፎቶው ሁሉ ጠፋ» ማለት ይቀናናል። እኔ ግን ቶሎ ተስፋ አይቆረጥም ባይ ነኝ። በብዙ አጋጣሚ የሚበላሸው ፋይሉ የት እንዳለ የሚጠቁመው መዝገብ ነው፤ ፋይሉ ራሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ዋናው ነገር ዲስኩን ሳይነካኩ መጀመሪያ ዲዲሬስኪዩ በተባለው ፕሮግራም ሙሉ ግልባጩን መውሰድ ነው፤ ፕሮግራሙ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ይቀዳል፣ የተጎዳውን ለኋላ ያቆየዋል። ከዚያ ፎቶሬክ የተባለው ሌላ ፕሮግራም ግልባጩን ያስሳል። የጄፔግ ፎቶ በ«ኤፍኤፍ ዲ8» ኮድ ጀምሮ በ«ኤፍኤፍ ዲ9» ስለሚያልቅ፣ ስሙና ፎልደሩ ቢጠፋም ተለቅሞ ይወጣል።

«ዲስኩ ላይ ተቆራርጦ የተቀመጠው ፋይልስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እሱ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ግን የእናት ፊት የሚታይበት ግማሽ ፎቶ ትንሽ ነገር ነው?

እናንተስ፣ ዲስካችሁ «ቀጭ ቀጭ» ማለት ሲጀምር መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው?